ሎሚው ሞተ፣ ዘንባባው ምንም አልሆነ

ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከሐይቁ ብዙም የማይርቅ አንድ ግቢ ለዓመታት ተከራይቼ ኖሬያለሁ። ግቢው ጥግ ላይ ሁለት ዛፎች ነበሩ። አንዱ ሎሚ፣ ሌላው ዘንባባ። በመካከላቸው ሁለት እርምጃ ቢሆን ነው። አከራዬ እትዬ ዓሣ እያደረቁ ይሸጣሉ። ቆሮሶውን ይሰነጥቃሉ፣ ሆዱን ያጸዳሉ፣ በጨው ያሻሉ፣ ገመድ ላይ ይሰቅላሉ። ሳፋው ውስጥ የቀረውን ጨዋማ ውኃ ደግሞ ተሸክመው ሄደው ያው ጥግ ላይ ይደፉታል።

መጀመሪያ ምንም አልታየም። ቆይቶ የሎሚው ቅጠል ጫፍ ጫፉ ቡናማ ሆነ። ቡናማው ዳር ዳሩን ይዞ ወደ ውስጥ ገባ። ብዙም ሳይቆይ ቅጠሉ መርገፍ ጀመረ።

«ዓይን ነው» አሉ እትዬ። «የገባው ሁሉ ሎሚ ስጪኝ ይላል። ሌላ ምን ይሆናል ልጄ?»

«እትዬ፣ የዓሣው ጨው ይሆን እንዴ?»

«ጨው? ዘንባባውስ እዚያው አይደል የሚጠጣ?»

መልስ አልነበረኝም። ዘንባባው እውነትም ያንኑ ውኃ ይጠጣል። አረንጓዴ ነው፣ ደኅና ነው፣ እንዲያውም አዲስ ቡቃያ አውጥቷል። ያ ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣም። አንድ ውኃ፣ አንድ አፈር፣ አንዱ ይሞታል፣ አንዱ ይኖራል። እንዴት?

ጥያቄው የግቢ ወሬ ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በ2024 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባወጣው ሪፖርት፣ በዓለም ላይ በጨው የተጎዳው መሬት ወደ 1.4 ቢሊዮን ሄክታር ይጠጋል። ከምድር የየብስ ስፋት ከአሥር እጅ አንዱ ማለት ነው። የአገራችን ግምትም በሚሊዮን ሄክታር የሚቆጠር ነው። መስኖ በተስፋፋ ቁጥር፣ በየቦታው «ጨው የሚችል ዛፍ ትከሉ» የሚል ምክር ይሰማል። ምክሩ ትክክል የሚሆንበት ቦታ አለ፣ ጉድ የሚያመጣበትም ቦታ አለ። ለመለየት መጀመሪያ ዛፉ ውስጥ የሚሆነውን ማየት ያስፈልጋል።

ሁለት ዙር ምት

ጨው ዛፍን የሚመታው በሁለት ዙር ነው። የመጀመሪያው ዙር ጥም ነው። ቲማቲም ቆርጠህ ጨው ነስንሰህበት ትንሽ ብትቆይ፣ ሳሕኑ ግርጌ ውኃ ያቁራል። ማንም አልጨመረበትም፤ ጨዉ ከቲማቲሙ ውስጥ ስቦ ያወጣው ነው። ውኃ ሁልጊዜ ወደ ጨዋማው ወገን ያደላል። ሥር ከአፈር ውኃ የሚስበው፣ ውስጡ ከአፈሩ የበለጠ የሟሟ ነገር ስላለው ነው። አፈሩ ጨው ከበዛበት ግን ሚዛኑ ይገለበጣል። ሎሚው እግሩ ረጥቦ ይጠማል። በዚህ ዙር እድገት ቀጥ ይላል። አዲስ ቅጠል ያንሳል፣ የቅጠሉ ቀዳዳዎች ይዘጋሉ፣ ዛፉ የሚሠራው ምግብ ይቀንሳል።

ሁለተኛው ዙር ዘግየት ይላል። ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። ከውኃው ጋር ሾልከው የገቡት ሶዲየምና ክሎራይድ ወደ ቅጠል ይወጣሉ። ቅጠሉ ላይ ውኃው ይተናል፣ ጨዉ ግን የትም አይሄድም። ብዙ ጊዜ ውኃ የፈላበትን ማንቆርቆሪያ ውስጡን እይ፤ ነጭ ቅርፊት ይዟል። ቅጠልም እንደዚያ ነው። የውኃው የመጨረሻ ፌርማታ ደግሞ የቅጠሉ ጫፍና ዳር ስለሆነ፣ ቃጠሎው የሚጀምረው ከዚያ ነው። የእትዬ ሎሚ ከዳር ወደ መሃል የተቃጠለው ለዚህ ነው። ዓይን ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ሥርዓት አይጠብቅም ነበር።

ሶዲየም ለምን መርዝ ይሆናል? አንዱ ምክንያት መመሳሰሉ ነው። ሶዲየም ከፖታሲየም ጋር በጠባይ ይቀራረባል። የሕዋስ ኢንዛይሞች ፖታሲየም ይፈልጋሉ። ሶዲየም ሲበዛ የፖታሲየምን ወንበር ይይዛል፣ ሥራውን ግን አይሠራም። ያልተማረ ሰው የሌላ ሰው መታወቂያ ይዞ ቢሮ ገብቶ እንደተቀመጠ ቁጠረው። ክሎራይድም የራሱ ጣጣ አለው። እንደ ሎሚ፣ ብርቱካንና አቮካዶ ያሉትን በጣም የሚያሠቃየው እንዲያውም እሱ ነው።

በር፣ ኬላ፣ ጎታ

አሁን ወደ ዘንባባው። ዘንባባ የቴምር የቅርብ ዘመድ ነው። ቴምር ደግሞ ከፍሬ ዛፎች ሁሉ ጨው በመቻል የታወቀ ነው። በዚህ ወገን ትልቁ ብልሃት በር መዝጋት ነው።

የማንኛውም ዛፍ ሥር ውስጥ፣ ወደ መሃሉ ጠጋ ብሎ፣ ውኃ የማያሳልፍ ነገር የተቀባ ቀለበት አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ባጠናው ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ስም የካስፓሪ መቀነት ይሉታል። ይህ መቀነት ውኃ በሕዋሶች መካከል እየተሹለከለከ በቀጥታ ወደ መሃል እንዳይገባ ያግዳል። መግባት የፈለገ ሁሉ በሕዋስ ግድግዳና በሽፋኑ አልፎ፣ ተፈትሾ ነው የሚገባው። ጨው የሚችሉ ብዙ ዛፎች ይህን መቀነት ያወፍሩታል፣ በቶሎም ይሠሩታል። ቴምር ሶዲየሙን ሥሩ ላይ ይዞ ወደ ቅጠል እንዳይወጣ ያደርጋል። ሎሚ በሩ ይህን ያህል ጥብቅ አይደለም።

በሩ መቶ በመቶ አይዘጋም። የገባውን ማስወጣትም ያስፈልጋል። ይህ የተገኘበት መንገድ ደስ ይለኛል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የጂያን-ካንግ ዡ የምርምር ቡድን አራቢዶፕሲስ በምትባል ትንሽ አረም ላይ ይሠራ ነበር። ጠንካራዋን አልፈለጉም። ትንሽ ጨው ሲነካት ወዲያው የምትወድቀዋን ነው የፈለጉት። የምትወድቀዋ ምን እንደጎደላት ሲመረምሩ፣ ሌሎቹ ምን እንዳላቸው ታወቀ። ጂኖቹንም ኤስ ኦ ኤስ አሏቸው፤ ስሙ «ለጨው ከልክ በላይ ስስ» የሚል የእንግሊዝኛ ሐረግ ምሕጻር ነው። ሥራቸው እንዲህ ነው። ሶዲየም ሲበዛ ሕዋሱ ውስጥ የካልሲየም ምልክት ይነሣል፣ አንዱ ፕሮቲን ምልክቱን ይሰማል፣ ሌላውን ያስነሣል፣ ያኛው ደግሞ ሽፋኑ ላይ ያለውን ፓምፕ ይከፍታል። ፓምፑ ሶዲየሙን መልሶ ወደ ውጭ ይወረውራል። ተመሳሳይ ሥርዓት ዛፎችም ውስጥ ተገኝቷል።

በሩንም ፓምፑንም ያመለጠ ጨው ወደ ግንዱ ቧንቧ ይገባል። እዚያ ደግሞ ኬላ አለ። ኤች ኬ ቲ የሚባሉ ፕሮቲኖች መንገድ ላይ ቆመው ሶዲየሙን ከሚወጣው ውኃ ውስጥ እየለቀሙ ቅጠል ሳይደርስ ያስቀሩታል። የሚያስቀሩት ሥርና ግንድ ውስጥ ነው። ግንድ ጨው ቢይዝ ብዙ አይጎዳም። ፋብሪካው ቅጠል ነው፣ የሚጠበቀውም እሱ ነው።

ኬላውንም ያለፈ ካለ የመጨረሻው መላ ጎታ ነው። እያንዳንዱ የዕፅዋት ሕዋስ ውስጥ ቫኪዩል የሚባል ከረጢት አለ። የበሰለ ሕዋስ ውስጥ አብዛኛውን ቦታ የሚይዘው እሱ ነው። ጨው ቻይ ዛፎች ሶዲየምና ክሎራይዱን እዚያ ከተው ይቆልፉበታል። ይህ ከመከላከልም አልፎ ይጠቅማል። ጎታው ውስጥ የተቆለፈው ጨው ራሱ ውኃ ይስባል። ጠላትን አስሮ እያሠሩ እንደማስተዳደር ነው።

ችግሩ ከጎታው ውጭ ያለው የሕዋሱ ክፍል ውኃው ወደ ጎታው እንዳይሸሽ ሚዛን ይፈልጋል። ጨው ሊያስገባ አይችልም። ስለዚህ የማይጎዱ ነገሮችን ይሠራል፦ ፕሮሊን፣ ግላይሲን ቤታይን፣ የተለያዩ ስኳሮች። እነዚህ እንደ ጨው ውኃ ይይዛሉ፣ ኢንዛይም ግን አይነኩም። ነገር ግን ነጻ አይደሉም። ፕሮሊን ለመሥራት ናይትሮጅን ያስፈልጋል፣ ጉልበት ያስፈልጋል። ይህችን ነጥብ ያዛት፣ እመለስባታለሁ።

ጭራሽ ጨው የሚያልቡ ዛፎችም አሉ። አዋሽ ወንዝ ዳር፣ አፋር ውስጥ የሚበቅለው ታማሪክስ ቅጠሉ ላይ ጥቃቅን የጨው ዕጢዎች አሉት። የገባውን ጨው ወደ ላይ ይገፋል፣ ውኃው ይተናል፣ ነጩ ዱቄት ይቀራል። በጣት ነክተህ ብትቀምሰው ጨው ነው። ቀይ ባሕር ዳር፣ ምጽዋ አካባቢ ያለው አቪሴኒያ የተባለው ማንግሮቭም እንዲሁ ያደርጋል። ማንግሮቭ እግሩን ባሕር ውስጥ ነክሮ የሚኖር ዛፍ ነው። ዘጠና በመቶውንና ከዚያም በላይ የሚሆነውን ጨው ሥሩ ላይ ያጣራል፣ የቀረውን በቅጠሉ ያልበዋል። የባሕር ውኃ አንድ ሊትር ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው አለ። ከዚያ ውስጥ ንጹሕ ውኃ መንጠቅ ከ25 አትሞስፌር በላይ ጉልበት ይጠይቃል። የመኪና ጎማ ውስጥ ያለው ግፊት ሁለት ወይም ሁለት ተኩል ነው። ዛፉ ውኃውን የሚስበው ያለ ሞተር፣ በቅጠሉ ትነት ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። ጨው ቻይ ዛፎችን የሚያጠኑ ሰዎች የሚወዱት ዛፍ አለ፤ በመካከለኛው እስያ በረሃዎች የሚበቅል የፖፕላር ዓይነት ነው፣ ፖፑሉስ ዩፍራቲካ ይባላል። ሙሉ ጂኖሙ በ2013 ታትሟል። የዚህ ዛፍ የቅርብ ዘመድ በአፍሪካ አለ። የት? ኬንያ ውስጥ፣ ጣና በሚባል ወንዝ ዳር። ስሙም የጣና ወንዝ ፖፕላር ነው። መጀመሪያ ሳነብ የኛ ጣና መስሎኝ ልቤ ዘለለ። የስም መገጣጠም ብቻ ነው።

ሒሳቡ

አሁን ወደዚያች ነጥብ። ጨው መቻል ወጪ አለው። ፓምፑ በነጻ አይሠራም። ፕሮሊኑ በነጻ አይመረትም። የቅጠል ቀዳዳ ሲዘጋ ውኃ ይቆጠባል፣ የሚገባው አየርም ያንሳል፣ ምግብ ይቀንሳል። ሥር ለበር ጥበቃ ያወጣው ጉልበት ለግንድና ለፍሬ አይደርስም። ብዙ ጨው ቻይ ዛፎች ጨው ውስጥ ቀስ ብለው የሚያድጉት፣ ቁመታቸውም የሚያጥረው ለዚህ ነው።

ይህን የሚያሳይ ታሪክ ምጽዋ አጠገብ አለ። ጎርደን ሳቶ የሚባል ጃፓናዊ ዝርያ ያለው አሜሪካዊ የሕዋስ ሳይንቲስት ሕርጊጎ በተባለች መንደር ማንግሮቭ ይተክል ነበር። ባሕሩ ዳር አብዛኛው ቦታ ባዶ ነው፣ ማንግሮቭ ያለው ግን የዝናብ ጎርፍ ከተራራ ወርዶ ባሕር በሚገባበት ቦታ ነው። ሰዎች ማንግሮቩ ጣፋጭ ውኃ ስለሚፈልግ ነው ይሉ ነበር። ሳቶ ግን ጎርፉ የሚያመጣው ውኃ ሳይሆን ማዳበሪያ ነው አለ። ባሕሩ የጎደለው ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ብረት ነው። በትንሽ የላስቲክ ከረጢት ማዳበሪያ አድርጎ፣ ቀዳዳ በስቶ፣ ቁራጭ ብረት ጨምሮ ችግኙ ሥር ቀበረ። ባዶው ዳርቻ አረንጓዴ ሆነ። ጨዉን ዛፉ ራሱ ችሎታል። ያልቻለው ረሃቡን ነው።

ስለዚህ አንድ ሰው መጥቶ «ይህ ዛፍ ጨው ይችላል» ካለህ፣ ቀጥሎ የሚጠየቀው «በምን ዋጋ?» ነው።

ጣና ለምን ጨው አልሆነም?

ወደ ሰፈራችን እንመለስ። አንድ ቀን ሐይቁ ዳር ቡና ስንጠጣ አንድ ወዳጄ አዲስ ሐሳብ አመጣ። «ይህ ሐይቁን የወረረው አረም፣ እምቦጭ፣ ጨው አይወድም አሉ። ለምን ሐይቁ ላይ ጨው አንበትንበትም?» ሁላችንም ሳቅን። ግን የተናገረው ግማሹ እውነት ነው። እምቦጭ ጨው አይችልም። አንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ወደ ስድስት ግራም ጨው ሲደርስ መሞት ይጀምራል።

ወረቀት አወጣሁ። ጣና ውስጥ ወደ 28 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ አለ። ለአንድ ሜትር ኩብ ስድስት ኪሎ። ጠቅላላው 168 ሚሊዮን ቶን ጨው። ዓለም በዓመት ከምታመርተው ጨው ከግማሽ ይበልጣል። 30 ቶን የሚጭን ሲኖትራክ 5.6 ሚሊዮን ጊዜ መመላለስ አለበት። ዓሣው ያልቃል፣ ደንገሉ ያልቃል፣ የደሴቶቹ ዛፎች ዳር ዳራቸው ይደርቃል። ወዳጄ «በቃ ተውኩት» አለ፣ ቡናውንም ጠጣ።

ቁም ነገሩ ግን ሌላ ነው። ጣና ውስጥ ለሺህ ዓመታት ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ሲገቡ ኖረዋል። እያንዳንዱ ወንዝ ከተራራ ያጠበውን ማዕድን ይዞ ነው የሚገባው። ፀሐይ ደግሞ ንጹሑን ውኃ እያተነነች ማዕድኑን ትተዋለች። ታዲያ ጣና ለምን ጨው አልሆነም? መውጫ ስላለው ነው። ጨረጨራ ላይ ዓባይ ሆኖ ይወጣል። ከ2010 ጀምሮ ደግሞ ለኤሌክትሪክ ማመንጫ በተቆፈረ ዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ይሄዳል። የገባው ማዕድን አብሮ ይወጣል። ስምጥ ሸለቆ ያለውን የአቢያታ ሐይቅ እይ፤ መውጫ የለውም፣ ውኃው ጨዋማ ነው። አፋር ያለው የአፍዴራ ሐይቅም መውጫ የለውም፤ ዛሬ ወጣችን ውስጥ የሚገባው ጨው በብዛት የሚመጣው ከዚያ ነው። የድሮዎቹ አሞሌውን ከአፋር ቆርጠው በግመልና በበቅሎ እስከ ጎንደርና ጎጃም አምጥተው እንደ ገንዘብ ሲገበያዩበት የኖሩት፣ እዚህ ጨው ስላልነበረ ነው። ጨው እዚህ የማይቆይበት ምክንያት ደግሞ ዝናቡና መውጫው ነው።

ማሳም እንደ ሐይቅ ነው። በጣም ጥሩ ውኃ እንኳ ትንሽ ማዕድን ይይዛል። የጣና ውኃ በሊትር ወደ 0.1 ግራም ያህል አለው። አንድ ሄክታር በበጋ 5,000 ሜትር ኩብ ቢጠጣ፣ አምስት ኩንታል የሟሟ ማዕድን ተቀበለ ማለት ነው። አብዛኛው የገበታ ጨው አይደለም፣ ግን በየዓመቱ ነው የሚገባው። ባሕር ዳር በዓመት ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ስለሚዘንብ ክረምቱ ያጥበዋል። እንዲያውም ከመጠን በላይ ያጥባል። ካልሲየሙን ሁሉ ጠርጎ ስለሚወስድ የጎጃም ገበሬ ራስ ምታት የአፈር አሲድ ነው፣ መድኃኒቱም ኖራ ነው። እዚህ አካባቢ «ጨው ቻይ ዛፍ» ብሎ ችግኝ የሚያዞር ሰው ካለ፣ በሽታውን ሳያይ መድኃኒት የያዘ ነው።

መካከለኛው አዋሽ ግን ሌላ ዓለም ነው። ወረር አካባቢ የዓመቱ ዝናብ 600 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፣ ፀሐዩም አይጣል ነው። የጥጥ እርሻዎቹ ሲስፋፉ ውኃ ማስገቢያው በደንብ ታሰበ፣ ማስወጫው ግን ብዙ ቦታ ወደ ኋላ ቀረ። የከርሰ ምድር ውኃው ወደ ላይ ወጣ። ውኃው ወደ ላይ ሲጠጋ አፈሩ እንደ ፋኖስ ክር ይስበዋል፣ ላይ ሲደርስ ይተናል፣ ጨዉ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ሰፊ መሬት ተጥሎ ቀረ። መተሐራ አጠገብ ያለው በሰቃ ሐይቅም በ1960ዎቹ ከሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ተነሥቶ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። ውኃው ጨዋማ ነው፣ መንገድና ማሳ በልቷል። ወረር ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል በጨዋማ አፈር ላይ ሲሠራ የኖረው ያለ ምክንያት አይደለም።

እዚያ ጨው ቻይ ዛፍ መትከል ትርጉም አለው። ግን እዚያው አፋር ውስጥ ትምህርቱም አለ። ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃማ ዛፍ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ወደ አካባቢው የገባው ነፋስ እንዲከላከል፣ ጥላ እንዲሆን ነው። ጨው ይችላል፣ ድርቅ ይችላል፣ ፍየል የበላችውን ፍሬ በየሄደችበት ትዘራለታለች። አፋሮች ደርጊ ሃራ፣ የደርግ ዛፍ አሉት። ዛሬ ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ ወርሯል። የግጦሽ ሣሩን በላው፣ መንገዱን ዘጋው። እምቦጭን ያየ የጣና ሰው ይህ ሳይነገረው ይገባዋል። ማንም የማይችለውን ቦታ የሚችል ተክል፣ ሌላው የሚችለውን ቦታም ሊቀማ ይችላል።

በአንጻሩ አንድ የባሕር ዛፍ ታሪክ አለ። እኛ አገር ባሕር ዛፍ ውኃ ጨርሷል ተብሎ ይወቀሳል፣ ብዙ ቦታም ወቀሳው እውነት ነው። መጥቶ የተተከለው ከባሕር ማዶ ስለሆነ ነው ስሙ፣ ባሕር ስለሚችል አይደለም። ከዓይነቶቹ «ቀይ ባሕር ዛፍ» የሚባለው መጠነኛ ጨው ይችላል። የመጣበት አገር አውስትራሊያ ግን ተቃራኒው ሆነ። ምዕራብ አውስትራሊያ ውስጥ ሰፋሪዎች ሥረ ጥልቁን ደን ቆርጠው ስንዴ ዘሩ። ዛፎቹ ሲጠጡት የነበረው ዝናብ ወደ ታች ሰረገ፣ የከርሰ ምድር ውኃው ተነሣ፣ ለዘመናት ከሥር የተቀበረውን ጨው ይዞ ወጣ። ዉድ የሚባል የባቡር መሐንዲስ በ1924 ይህን ጽፎት ነበር። እሱን ያሳሰበው የባቡሩ የውኃ ጉድጓዶች ጨው መሆናቸው ነበር። ዛሬ በዚያ ክልል ብቻ ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ተጎድቷል። አንዱ ዛፍ አንድ ቦታ ውኃ ጨራሽ ነው፣ ሌላ ቦታ ጨዉን ከታች ይዞ የሚያቆይ ክዳን ነው።

አቮካዶው

ታዲያ እኛን የሚመለከተው የቱ ነው? እኔ የምፈራው አቮካዶን ነው። ቆጋ መስኖ ወደ 7,000 ሄክታር የሚያጠጣ ግድብ ነው፤ በዚያና በባሕር ዳር ዙሪያ አቮካዶ የሚተክለው ገበሬ በዝቷል። ጥሩ ገበያ ነው። ግን አቮካዶ በጨው ረገድ ከሁሉ ስስ ከሆኑት አንዱ ነው። የአፈር ጨው የሚለካው ውኃው ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፈው መጠን ነው፤ መለኪያው ዴሲሲመንስ በሜትር ይባላል። አራት ከደረሰ አፈሩ ጨዋማ ተብሎ ይመደባል። ቴምር እስከ አራት ድረስ ምርቱ አይነካም። ብርቱካን ከ1.7 በኋላ ይቀንሳል። አቮካዶ ከ1.3 ጀምሮ ነው። መጽሐፉ ጨዋማ የማይለውን አፈር እንኳ አቮካዶ ጨው ነው ይላል።

ዛሬ ቆጋ ላይ ጨው የለም። ግን ቦዩ ተደፍኖ ውኃ የሚተኛበት ማሳ የትም አካባቢ አይጠፋም። የተኛ ውኃ አቮካዶን ከጨውም በፊት በሥር መበስበስ ይገድለዋል። ስለዚህ ማስወጫ ቦይ መጥረግ ሁለት ሥራ ነው የሚሠራው። ጉድጓድ ቆፍሮ በሞተር የሚያጠጣ ሰው ደግሞ ውኃውን ቢያስለካ ደግ ነው። መለኪያው እጅ ላይ የሚያዝ ትንሽ ዕቃ ነው። ትንሽ ትንሽ በየቀኑ ከማጠጣት አልፎ አልፎ ጠለቅ አድርጎ ማጠጣት ጨዉን ከሥር በታች ይገፋዋል። ቀትር ላይ ቅጠሉን ማርጠብ አያስፈልግም። የሚዳቀልበት የታችኛው ችግኝም ወሳኝ ነው። በር የሚዘጋው ሥሩ ነውና፣ ላይኛው ዝርያ አንድ ቢሆንም የታችኛው ሲለያይ ውጤቱ ይለያያል። የምዕራብ ህንድ ደሴቶች የአቮካዶ ዘር ከሜክሲኮው በተሻለ ጨው ይችላል። ለብርቱካን ዘርም ክሎራይድ የሚያግድ ክሊዮፓትራ የሚባል መንደሪን አለ። ችግኝ ስትገዛ «ከላይ ምንድን ነው?» ብቻ ብለህ አትሂድ፣ «ከታችስ?» በል።

ሶዲየም የበዛበት፣ እንደ ሲሚንቶ የደረቀ አፈር ካጋጠመ ደግሞ ዛፉ ብቻውን አይወጣውም። ጄሶ ይጨመርበታል። የጄሶው ካልሲየም ሶዲየሙን ከአፈሩ ላይ ያስለቅቀዋል፣ ከዚያ ውኃ ጠርጎ ይወስደዋል። የሚወስድበት ቦይ ካለ ነው ታዲያ። ከሌለ ጄሶውም ብርህም ውኃ ገቡ።

እትዬ በመጨረሻ አመኑኝ ለማለት አልደፍርም። ሎሚውን ግን ነቅለው አዲስ ችግኝ ከበሩ በስተግራ ተከሉ። «ቦታው ነው ያልተስማማው» ነው ያሉት። ሳፋውን አሁንም እዚያው ጥግ ላይ ይደፉታል። ባለፈው ሳምንት ልጠይቃቸው ሄጄ ዘንባባውን ጠጋ ብዬ አየሁት። አረንጓዴ ነው። የታችኞቹ አሮጌ ቅጠሎች ጫፍ ግን አንድ ሁለት ጣት ያህል ቡናማ ሆኗል።